ለሰላም ብዬ የተሸነፍኩበት ቧንቧ

አንድ የጋዝ ቧንቧ ከግራ ግድግዳ ወደ ቀኝ ግድግዳ ተዛወረ፤ እኔ ሱቄን ከፈልኩ። ከሱቁ ጋር ስሜን፣ ከስሜ ጋር አብሬው ያረጀሁትን ወዳጅ ከፈልኩ። ቧንቧው ቢለካ ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት አይበልጥም። ደባርቅ ውስጥ ከዚህ የተወደደ ቧንቧ ያስገባ ሰው ካለ ይምጣና እንወዳደር።

ሰው «ጡረታ ወጣህ አሉ» ይለኛል። ነጋዴ ጡረታ አይወጣም፤ ደንበኛ ሲያጣ ይቀመጣል እንጂ። ተቀምጫለሁ። ይህን ታሪክ ከእኔ በቀር ሁሉም ሰው ሲያወራው ስለኖረ፣ አሁን ተቀምጬ እኔው ላውራው።

የተማርኩት መናኸሪያ ነው። ድብ ባሕር ላይ አውቶቡስ ሲቆም ላምባ በጠርሙስ እየሸጥኩ ጀመርኩ፤ ከዚያ ዳባት አንድ በርሜል፣ ከዚያ ደባርቅ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ። የጋዝ ሲሊንደር ወደ አካባቢያችን ሲመጣ ሰው እንደ ቦምብ ይሸሸው ነበር። እኔ ደግሞ ሰው የሚሸሸውን ዕቃ መሸጥ እወዳለሁ፤ ተፎካካሪ የለውም። ከጎንደር በአይሱዙ አስመጣለሁ፣ ባዶውን እመልሳለሁ፣ ምድጃም እሸጣለሁ። አለቃ የሚባል ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወደ ስሜን ተራራ እንግዳ የሚወስድ ሰው ለድንኳን ማብሰያ ሲሊንደር እንዳቀርብለት ቀጥሮኝ ነበር። የእሱ ወጥ ሠሪ ሲሊንደሩ በብርድ ሲደክምበት ከእሳት አጠገብ አስጠግቶ ሲያሞቀው አገኘሁት። «ብርድ ይዞት ነው» አለኝ፣ ለታመመ ዘመድ እንደሚያዝን። ያን ዕለት ሥራውን ለቀቅኩ። መሞትን አልፈራም፤ በሰው ርኅራኄ መሞትን ግን አልወድም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ወርቁ ናቸው። ዕድሜያቸውን ውሃ ቧንቧ ሲዘረጉ የፈጁ ሰው ነበሩ፤ ለአንድ ሆቴል ሥራ ደባርቅ መጥተው ብርዱን እየረገሙ እስከ ሞታቸው ኖሩበት። እኔ ሲሊንደሩን እሸጣለሁ፣ እሳቸው ቧንቧውን ይዘረጋሉ፤ በኋላ እኔም መፍቻ መያዝ ተማርኩ።

ሦስት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው ሳሙና ነው። በጣሳ አረፋ መትተው በጢም ብሩሽ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ይቀባሉ፤ አረፋው ዓይን ካወጣ ያፈስሳል ማለት ነው። በክብሪት ልፈትሽ ያለ አንድ የሆቴል ወጥ ሠሪን በጥፊ ሲመቱት አይቻለሁ። ልጁ አኩርፎ «ጋሼ፣ ለምን ይመቱኛል?» ሲላቸው፣ «አሁን የሚመታህ አገኘህ፤ ክብሪቱን ብትጭረው ኖሮ እኔም አንተም መቺ አናገኝም ነበር» አሉት።

ሁለተኛው ወለል ላይ መተኛት ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ጋዙን ከፍተው፣ ክፍሉን ዘግተው፣ ምሳቸውን በልተው ይመለሳሉ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው በሆዳቸው ይተኙና አፍንጫቸውን ከወለሉ ያስጠጋሉ። ባለቤቶቹ ይስቃሉ። እሳቸው ግን ከተኙበት ሆነው፣ «ጋዝ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም። ከአየር ይከብዳል፤ ይወርድና ወለል ላይ ይተኛል። ቆሜ ባሸት የማሸተው የናንተን ሽቶ ነው» ይሉ ነበር።

ሦስተኛው ሴቲቱን መጠየቅ ነው። «ቤቱን የሠራው ወንዱ ነው፤ የምታውቀው ግን ሴቷ ናት» ይሉኛል። ዳባት አንድ ቤት ቧንቧ ልናስገባ ገባን። ባልየው «እዚህ የሚቀመጠው ምድጃ ብቻ ነው» ብሎ ምሎ ተገዘተ። ጋሽ ወርቁ ዞር ብለው ሚስቱን፣ «እመቤት፣ ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ቤት ምን ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት። አፈረች፣ ከዚያ በሹክሹክታ «ጥጃዋ በብርድ ጊዜ እዚህ ነው የምታድረው» አለች። የምድጃው ጎማ የሚንጠለጠለው ልክ የጥጃዋ አፍ ዘንድ ነበር። ቧንቧውን ከፍ አደረግነው። ጥጃዋ አድጋ ወለደች፤ ቤቱም አለ።

ጋሽ ወርቁ ከሞቱ በኋላ ሥራውን ብቻዬን ያዝኩ። የጭቃ ግድግዳ በክረምት ውሃ ይጠጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ የመዳብ ቧንቧ ግድግዳ ሲያልፍ ሰፋ ባለ ሌላ ቧንቧ ውስጥ ያልፋል፣ ግድግዳው ቢላወስ እንዳያንቀው። ይህንን ሁሉ ሳልዘል ሠርቻለሁ። ከዳባት እስከ ደባርቅ የኔ ቧንቧ ያለበት ቤት በሰላም ሲያበስል ኖረ።

ከዚያ ካሳሁን ልጁን ሊድር ተነሳ።

አቶ ካሳሁን እህል ነጋዴ ነው፤ እኔ ላምባ በጠርሙስ ስሸጥ እሱ ባቄላ በጣሳ ይሸጥ ነበር። ወዳጄ ያልኳችሁ እሱ ነው። ሙሽራው ከዳባት የደኅና ቤት ልጅ ነው። ካሳሁን «የሙሽራው ወገን ማድቤቴን ሲያይ አያፍርብኝ» ብሎ አዲስ ኦቭን፣ አዲስ ፍሪጅ፣ ዙሪያውን ካቢኔ አዘዘ። ካቢኔውን የሚሠራው ባዘዘው የሚባል አናጢ ነው። እጁ መጥፎ አይደለም፤ ስልኩ ነው መጥፎ። ሁሉን ነገር ከስልኩ ፎቶ ላይ ይገለብጣል።

ጠሩኝ፣ ሄድኩ።

«አያ ደሳለኝ፣ ይቺ ቧንቧ ከዚህ ግድግዳ ተነሥታ ወደዚያ ትሂድልኝ» አለ ካሳሁን። «ኦቭኑ እዚያ፣ ፍሪጁ እዚህ። ባዘዘው ሁሉን ለክቶታል።»

ባዘዘው ስልኩን ዘረጋልኝ። ከየት አገር እንደሆነ እንጃ፣ እንደ ታቦት ቤት የሚያበራ ማድቤት። «እንደዚህ ነው የሚሆነው። ቧንቧ የሚባል አይታይም።»

«ታዲያ ጋዙ በምን ይመጣል?»

«በውስጥ ነዋ!»

«በማን ውስጥ?»

ካሳሁን ሳቀ፣ ባዘዘው አልሳቀም። እኔ ወደ ወይዘሮ የሺ ዞርኩ፤ የካሳሁን ሚስት ናት፣ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። «የሺ፣ እዚህ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ምን ትሠሪያለሽ?»

አፏን ከመክፈቷ ካሳሁን ቀደማት። «ምን ትሠራለች? ታበስላለች እንጂ!»

«እሷን ነው የጠየቅኳት።»

«እኔስ የማን አፍ ነኝ? የሷ አይደለሁም?»

ደግሜ ጠየቅኩ፤ ደግሞ መለሰ። የሺ ዓይኗን ወደ ማድቤቱ ጥግ ላከች፣ መለሰችና ወጣች። በሰው ቤት፣ ባልየው ፊት፣ ሚስቱን ሦስተኛ ጊዜ የሚጠይቅ ወንድ ደባርቅ ውስጥ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

ሥራውን ጀመርኩ። ቧንቧውን ከፍ አድርጌ፣ በግልጽ በሚታይ ማሰሪያ እየያዝኩ አዞርኩት። ከኦቭኑ ጀርባ ወለሉ አጠገብ ደግሞ ወደ ደጅ የሚወጣ ቀዳዳ ከፈትኩ፤ ጋዝ ቢያመልጥ በዚያ ፈስሶ ይውጣ ብዬ።

ካሳሁን ራሱን ያዘ። «አንተ ሰው፣ በደባርቅ ብርድ ግድግዳ ትበሳብኛለህ? ከሊማሊሞ የሚነሣው ነፋስ ሲፈልግ የኖረው ይህንኑ ቀዳዳ ነው!»

«ነፋሱ ያስልሃል። ጋዙ ግን ለመሳል ጊዜ አይሰጥህም።»

ባዘዘው በበኩሉ ሌላ ችግር አገኘ። ከኋላው ቧንቧ ስላለ ኦቭኑ ከካቢኔው መስመር አንዲት ጣት ያህል ወጣ አለ። «አያ ደሳለኝ፣ ፎቶው ላይ እኩል ነው።»

«ፎቶው ላይ ማንም አያበስልበትም። ይውጣ፤ እንዳትነካው።»

ሳሙና ቀባሁ፣ ዘጋሁ፣ ጠበቅኩ፣ በሆዴ ተኛሁ። ምንም የለም። ሲሊንደሩን ደጅ ካለው የብረት ሳጥን ውስጥ ዘጋሁትና ለካሳሁን በባዘዘው ፊት፣ «የአናጢው ሥራ ሲያልቅ መጥቼ ደግሜ ሳልፈትሽ ይህን አትክፈት» አልኩት። «እሺ» አለ። ለእህቴ ተዝካር ደረስጌ ሄድኩ።

እዚያ ሳለሁ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት፤ ከፊሉን ከየሺ፣ ከፊሉን ከራሱ ከኦቭኑ ጀርባ። ባዘዘው ጣት ያህሏን ትርፍ ሊያስተካክል ኦቭኑን በትከሻው ገፋው። ገባለት። ቀዳዳዬን ደግሞ «ሴራሚኩን አበላሸው» ብሎ በሴራሚክ ለበጠው። ካሳሁን ለጎረቤት ሊያሳይ ሲሊንደሩን ከፍቶ ዶሮ አስጠበሰ። ዶሮው አማረ ተባለ። ማታ ማጥፋቱን ኦቭኑ ላይ አጠፉት፤ ሲሊንደሩን የዘጋ የለም።

በማግስቱ የሺ «ሽታ አለ» አለች።

«የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው» አላት ባሏ።

«አዲስ ዕቃ የበሰበሰ ሽንኩርት ይሸታል እንዴ?»

«ግቢው ሙሉ ነጭ ሽንኩርት እየተላጠ ምን ሊሸትሽ ኖሯል?»

እውነትም ሴቶቹ ለሠርጉ ድግስ ግቢ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጡ ነበር። ተወችው። የሠርግ ጠላ ሊጠነሰስ ነው፣ ጋኖቹ በግራዋ ታጥበዋል፣ የቀራቸው መታጠን ነው። የጋን ማጠኛዋ ከጥንት ጀምሮ የማድቤቱ ጥግ ናት፤ ነፋስ የማይገባበት። ያን ዕለት ዓይኗን የላከችበት ጥግ። የወይራ ፍም በገል ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ አኖረች፤ ጋኑን ልትደፋበት አነሣች።

ጋዝ ይተኛል ብያችኋለሁ። የተኛው እዚያ ነው።

እሳቱ ወለሉን ሁሉ በአንድ ጊዜ አነደደው። ጋኑ ተሰነጠቀ። በሩ ክፍት ስለነበር ጣራው አልተነሣም፤ ሴቶቹ ነጭ ሽንኩርቱን በትነው ገብተው በነጠላ አፍነው አወጧት። ነፍሷ ተረፈ። ቀኝ እጇ ግን ተቃጠለ፣ ቅንድቧ ጠፋ።

እኔ ከደረስጌ ስመለስ ገና መናኸሪያ ላይ አንድ ሸክም አውራጅ፣ «አያ ደሳለኝ፣ ያንተ ጋዝ የካሳሁንን ሚስት አቃጠላት!» ብሎ ተቀበለኝ። ያንተ ጋዝ! የጠበሰው ኦቭን የካሳሁን፣ ያማረው ካቢኔ የባዘዘው፣ የፈነዳው ጋዝ የደሳለኝ። ሰው ሲካፈል እንዲህ ያምርበታል።

ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ሐኪም ቤት ሄጄ አየኋት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ማድቤቱ ገባሁ። ኦቭኑን ስቤ አወጣሁት። ቧንቧው እንደ ከዘራ እጀታ ጎብጦ፣ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል። ካሳሁን አየ። ባዘዘውም አየ። ሴራሚኩን በመፍቻዬ መታሁና ቀዳዳዬን ከሥሩ አሳየኋቸው።

«ይህ የማን ሥራ ነው?»

ባዘዘው ስልኩን አየ። ካሳሁን ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። እንባው ይወርድ ነበር፤ የእሱን እንባ ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት።

«አያ ደሳለኝ፣ በልጅነታችን ይሁንብህ። ነገሩ ከተጎተተ ፖሊስ ይመጣል። ፖሊስ ከመጣ የሙሽራው ወገን 'ይህ ቤት ክፉ ዕጣ አለበት' ብሎ ይሄዳል። ልጄን አታስቀርብኝ።»

«እና ምን ልሁንልህ?»

«ሽማግሌ ይቀመጥ። ዝም ብለህ ተሸነፍ። ለሰላም።»

በመምሬ ተገኘ ግቢ ተቀመጥን። መምሬ የሁላችን ንስሐ አባት ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር ሁለት ሽማግሌ። የጎበጠውን ቧንቧ ቆርጬ ይዤ ሄድኩ። ማንም አልነካውም። አንደኛው ሽማግሌ እንደ እባብ ሸሸው።

«የተቃጠለችው የሺ ናት፤ ትጠራና ያየችውን ትናገር» አልኩ።

«ሴትዮዋ ታማለች፤ አናድክማት» አሉ።

«አፏ አልተቃጠለም።»

መምሬ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ። «ልጄ ደሳለኝ፣ እውነቱ እንዳንተ ይሁን። ግን አንተ ትልቅ ሰው ነህ። ባዘዘው ጎጆ ወጪ ነው፣ ካሳሁን ሠርግ ላይ ነው። የሚሸነፍ ብልህ ነው። የሕክምናዋን አንተ ቻል፣ 'ይቅር በሉኝ' በል፣ ሠርጉ ይለፍ። ከሠርጉ በኋላ እኔ ራሴ እውነቱን በሰው ፊት አወጣዋለሁ።»

«ያወጡታል?»

«በቆቤ!»

የቆብ መሐላ ነው፤ ምን እላለሁ? ተነሥቼ፣ ባላጠፋሁት በሰው ፊት «ይቅር በሉኝ» አልኩ። ባዘዘው፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ «ይቅር ብለናል» አለኝ! ከሁሉም ያቃጠለኝ እሱ ነው። ቧንቧዬን አጉብጦ ይቅር የሚለኝ!

በአገራችን ለሰላም ብሎ የተሸነፈ ሰው በሽማግሌዎች ዘንድ ብልህ ነው፤ በገበያ ዘንድ ጥፋተኛ ነው። ሽማግሌ ደግሞ ሲሊንደር አይገዛም፤ የሚገዛው ገበያው ነው። ቅዳሜ ገበያ ሳይደርስ ወሬው ዳባት ገባ፤ «ደሳለኝ አመነ፣ የሕክምና ከፈለ» ተባለ። ንጹሕ ሰው ለምን ይከፍላል? እውነት ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ደንበኞቼ ሲሊንደር ሊመልሱ መጡ። አንዷ የገዛችውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቷንም ጨምራ መለሰች። ዳባት ያሉት የጥጃዋ ቤት ሰዎች እንኳ «ለጥንቃቄ» ብለው ቧንቧዬን አስነቀሉ።

ሠርጉ ሆነ፤ ያምር ነበር። ተጠርቼ ጥግ ላይ በላሁ። ከሠርጉ በኋላ መምሬ ዘንድ ሄድኩ።

«መምሬ፣ ያ ነገር?»

«አሁንማ ጾም ገባ፤ በጾም ነገር አይነሣም።»

ጾሙ ተፈታ፤ ደግሜ ሄድኩ። «ልጅቷ እኮ አርግዛለች፤ አታስደንግጣት» አሉኝ። ሰው ሰላም የሚለውን ነገር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሰላም ማለት የሚጮኸው ሰው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ካሳሁን ደግሞ መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ መሻገር ጀመረ። አልበደልኩትም፤ ውለታዬ ከብዶት ነው። ባለዕዳ ያደረጉት ወዳጅ ከጠላት ይልቅ ይሸሻል። ሱቁን ለአንድ ጫማ ሻጭ ለቀቅኩ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ደርቶ ሳለ፣ የሺ በራሷ እግር ቤቴ መጣች።

«አያ ደሳለኝ፣ መፍቻህ አለ?»

«መፍቻው አለ። ሰው ነው የጠፋው።»

«ቧንቧዬን አዛውርልኝ። ከተቃጠልኩ ጀምሮ ያ ኦቭን ተዘግቶ እንደ ሣጥን ቆሟል፤ ልብስ ነው የማስቀምጥበት።»

«ካሳሁን ያውቃል?»

«ካሳሁን ነው የሚያበስለው?»

ሄድኩ። የማድቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው ውስጥ ያን ዕለት እሳቱን በነጠላ ያፈኑት ሴቶች ሁሉ ተቀምጠዋል፤ ጠርታቸው ነው። እኔ ሳልጠይቃት እሷው ማድቤቱ መሐል ላይ ቆማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

«እዚህ በጠዋት ሊጥ አቦካለሁ። እዚህ ፍሪጁ ይሁን። እዚያ ጥግ ጋን አጥናለሁ፣ እናቴም ታጥንበት ነበር፤ ስለዚህ ጋዝ ወደዚያ ጥግ አይድረስ። ያን ጊዜ ይህ ሰው ጠይቆኝ ነበር፤ የመለሰለት ባለቤቴ ነው። ቧንቧውን ያጎበጠው ባዘዘው ነው። ሲሊንደሩን የከፈተው ባለቤቴ ነው። 'ሸተተኝ' ስል 'ሽንኩርት ነው' ያለኝም እሱ ነው። ይህ ሰው ደረስጌ ተዝካር ላይ ነበር።»

አንዷ አሮጊት፣ «ታዲያ ለምን ይቅር በሉኝ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ልጄን እንድድር ነዋ!» አለች የሺ።

ካሳሁን ከጓዳ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሁሉን ሰምቷል። ከዚያ ራሱ ሄዶ የኦቭኑን አንድ ጎን ያዘ፣ እኔ ሌላውን ያዝኩ፣ ከግድግዳው አራቅነው።

ቧንቧውን በአጭር መንገድ፣ ከደጅ ሳጥኑ በቀጥታ፣ ከጋን ማጠኛው ጥግ አርቄ አስገባሁት። ቀዳዳዬን ከፈትኩት፤ ስለ ብርዱ ያነሣ የለም። ሳሙና ቀባሁ፣ ጋዙን ከፍቼ ቤቱን ዘጋን፣ ጠበቅን። ስንገባ ኮቴን አውልቄ በሆዴ ተኛሁ። አንዷ ሴት ልትስቅ ስትል የሺ አፏን በተቃጠለው እጇ ከደነችባት።

የሸተተኝ ሲሚንቶ ብቻ ነው።

ሴቶቹ ለባሎቻቸው ነግረው ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ግን የወሰኑትን አላነሡም፤ የወሰነ ሽማግሌ ስህተቱን ሲያነሣ እስካሁን አላየሁም።

ሒሳቡ ይኸው ነው። የሺ በኦቭኑ ታበስላለች። ሁለት ጣቶቿ አይታጠፉም። ባዘዘው ረዳት ቀጥሯል። ካሳሁን ሰላም ይለኛል። እኔ ቤቴ ደጃፍ ድንች እሸጣለሁ።